ከቆጥ የወረደ የአየር ጠመንጃ እንዴት ይታደሳል?

ግንደወይንም ሆነ ቢቸናና ሞጣ፣ ጠመንጃ ሲባል ለሰው የሚታየው ምንሽር ወይም ክላሽ ነው። የአየር ጠመንጃ የልጅ መጫወቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር እምቢ ያለ ዕለት ቆጥ ላይ ይወረወርና ጢስ እየጠጣ ዓመታት ይከርማል። የሚወርደው ቤት ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲከፋፈል ነው። ያወረደው ሰው የሚጠይቀውም ሁሌ አንድ ነው፦ «ሲያቀባብሉት ይከብዳል፣ ሲተኩሱት ግን ጥይቱ ከአፈሙዙ ወጥቶ እግር ሥር ይወድቃል፤ ሞላው ሞቶ ይሆን?»

ብዙ ጊዜ የሞተው ቆዳው ነው። በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ውስጥ ባሩድም የታመቀ ጋዝም የለም። አፈሙዙን ሰብረው ወደ ታች ሲጎትቱ ከሥሩ ያለው ክንድ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ከጀርባው ያለውን ሞላ ይጨምቃል፤ መጨረሻው ላይ የምላጩ ጥርስ ይይዘዋል። ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወነጨፍና በፊቱ ያለውን አየር በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወደ ጥይቱ ይሰደዋል። እንግዲህ ሞላው ሙሉ ጉልበት ቢኖረውም፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ያለው ቆዳ ደርቆ ከተሸበሸበ አየሩ በጎን ያመልጣል። ለእድሳቱ ከሚያስፈልገው ውስጥ ቆዳው፣ የተልባ ዘይቱና ሰሙ እዚሁ ጎጃም አለ። እዚህ የማይገኘው ሞላው ነው፤ ብዙ ጠመንጃ የሚበላሸውም እሱን ባልሆነ ነገር ለመተካት ሲሞከር ነው።

1. መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሥራ ላይ ነው። «ይሄ እኮ በአየር የሚሠራ ነው» ብለው ለራስዎ አይፍረዱ። ወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ይጠይቁ፤ ፈቃድ ወይም ምዝገባ ያስፈልጋል ከተባሉ ሥራውን የሚጀምሩት ያ ካለቀ በኋላ ነው። ሲሄዱ ጠመንጃውን ተሸክመው አይሂዱ፤ ፎቶውን በስልክ ይዘው ይሂዱ። ከሃያ ሠላሳ እርምጃ ርቀት የአየር ጠመንጃንና እውነተኛውን የሚለይ ዓይን የለም፤ ኬላ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ቀርቦ እስኪያጣራ ላይጠብቅ ይችላል። በኋላም ቶርኖ ቤት የሚያሠሩት ነገር ቢኖር የሚሠራውን ቁራጭ ብቻ ፈትተው ይላኩ።

2. ጎርሶ እንደሆነ ይወቁ

አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ጥይት እንደጎረሰ ይቆጠራል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ወደ መሬት አዙረው፣ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው አፈሙዙን በቀስታ ይስበሩት። ሲሰበር ሞላው ቢታገልዎ ደህና ነው፤ አልተቀባበለም ማለት ነው። ያለ ምንም ትግል እንደ ላላ በር ከተከፈተ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ወይ ሞላው ተሰብሯል፣ ወይ ደግሞ ጠመንጃው ተቀባብሎ እንደተቀመጠ ነው። ሁለተኛው አደገኛ ነው። ልክ የሆነች ጥይት አጉርሰው፣ አፈሙዙን ዘግተው፣ አፈር በተሞላ ጆንያ ላይ ይተኩሱት። እስከዚያ ድረስ አፈሙዙን አጥብቀው ሳይይዙ የተከፈተው ቦታ ላይ ጣት አይግባ። አፈሙዝ ተሰብሮ ሳለ ምላጩ ቢያመልጥ አፈሙዙ በሞላው ኃይል ተስፈንጥሮ ይዘጋል፤ መሀል ያገኘውን ጣት ይቆርጣል። ወደፊትም ጥይት በሚያጎርሱበት ጊዜ ሁሉ በአንድ እጅዎ አፈሙዙን አጥብቀው ይያዙ።

ከዚያ በብርሃን ይዩት። በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን ካልታየ ጥይት ተወትፏል። ከጥይት መክተቻው በኩል የነሐስ ወይም የጠንካራ እንጨት ዘንግ አስገብተው በቀስታ ወደ ፊት ይግፉት። የብረት ዘንግ የአፈሙዙን ጠመዝማዛ ጥርስ ይቧጭራል።

ምልክቱንም ይፈልጉ። ሲሊንደሩ ላይ ቀስትና ፍላጻዋን ጥላ ጠመንጃ ወደ ላይ ያነሳች ሴት ከተቀረጸች የጀርመኑ ዲያና ነው። ሦስት ጠመንጃዎች ተደጋግፈው ከቆሙ የእንግሊዙ ቢኤስኤ ነው። ስላቪያ የሚል ከሆነ ቼኮዝሎቫኪያ የተሠራ ነው። ብዙ የዲያና ጠመንጃዎች ላይ የተሠሩበት ወርና ዓመት በትንንሽ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው የልኩ ቁጥር ነው፤ 4.5 ወይም 177 ካለ አንድ ልክ፣ 5.5 ወይም 22 ካለ ሌላ ልክ ነው። ሁለቱ አይለዋወጡም። ቁጥሩን ጽፈው ይያዙ፤ ጥይትም ጓርኒሲዮንም ሲፈልጉ የሚጠየቁት ይህንኑ ነው።

3. ዕቃ ያሰናዱ

ጥሩ ሞርሳ፣ ጫፋቸው የተስተካከለ ሁለት ሦስት ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ የነሐስ ወይም የእንጨት መዶሻ፣ ፒን ማስወጫ፣ ላምባ፣ ለስላሳ የሽቦ ጥጥ፣ ያረጀ የጥጥ ጨርቅ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። ብየዳ ቤት የሚሸጠው ርካሽ መነጽር ይበቃል፤ ያለ እሱ ግን አይጀምሩ።

የካቻቢቴው ነገር ቀላል ይመስላል። አሮጌ ጠመንጃ ላይ ያሉት ብሎኖች አንድ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ገበያ ላይ ያለው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ስንጥቁን ሳይሞላ ይንሸራተትና የብሎኑን አናት ይበላዋል። ጫፉን በሞረድ አስተካክለው ስንጥቁ ውስጥ ጥብቅ ብሎ እንዲቆም ያድርጉት። አናቱ የተበላ ብሎን በአንድ እይታ «ይህን ሰው ነካክቶታል» ያሰኛል፤ ዋጋውንም ያረክሰዋል።

4. አፈታት

በዚህ ደረጃ አይቸኩሉ። ጠመንጃው ባይቀባበልም ሞላው ውስጥ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ እንደ ሥሪቱ የሲሊንደሩን የኋላ መዝጊያ ሲፈቱ ከሦስት እስከ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሊዘል የሚፈልግ ሞላ ይጠብቅዎታል። «በጉልበቴ እይዘዋለሁ» ብሎ ደረቱ ላይ ደግፎ የሚፈታ ሰው አለ። መዝጊያው ፊት ላይ ሲያርፍ ጥርስም ዓይንም አይምርም።

መጭመቂያ ይሥሩለት። ከጠመንጃው ሲሊንደር የሚረዝም ጠንካራ ጣውላ ያዘጋጁ፤ በሁለቱ ጫፍ ወፍራም የእንጨት ግድግዳ በብሎን ይሰሩ፤ በአንዱ ግድግዳ መሀል ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ በዳዶ አሳልፈው ሲዞር ወደ ውስጥ እንዲገፋ ያድርጉ። ሲሊንደሩን ጣውላው ላይ አጋድመው፣ የፊት ጫፉን ጨርቅ በተጠቀለለበት ግድግዳ አስደግፈው፣ ዘንጉን ከኋላ መዝጊያው ጋር ያገናኙ። ሲሊንደሩ ወደ ጎን እንዳያመልጥ በገመድ ይሰሩት። አሁን መዝጊያውን የያዙትን ፒኖች ወይም ብሎኖች ያውጡና ዳዶውን በቀስታ እያላሉ ሞላው በራሱ ጊዜ እንዲዘረጋ ይፍቀዱለት። ሥራው የአንድ ሰዓት ነው፤ አናጢ ጎረቤት ካለዎት የሻይ ዋጋ ነው የሚያስወጣው።

ከዚያ በፊት ግን ሰደፉን ከብረቱ መለየት አለብዎት፤ ከፊት በጎንና በጎን ሁለት፣ ከምላጩ ጠባቂ በኩል ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ብሎን ነው የሚይዘው። እምቢ ያለ ብሎን ላምባ ጠብ አድርገውበት ይደር። በማግስቱ እንኳ ካልወጣ የብየዳ ሰው የሚጠቀምበትን ብረት አግለው አናቱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ይያዙለትና እንደገና ይሞክሩ።

በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የወጣውን ሁሉ በቅደም ተከተል እንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ ይደርድሩ። የዲያና 27 ወይም 35 ከሆነ ሥራውን ነጭ አንሶላ ዘርግተው ይሥሩ፤ ምላጫቸው ውስጥ ሦስት ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ፤ እነሱ ወድቀው የግንደወይን አፈር ውስጥ ከገቡ መፈለጉ ሙሉ ቀን ይወስዳል።

የምላጩን ጥርስ አይሞርዱ። «ምላጩ ይከብዳል፣ ላላላልዎት» የሚል ባለሙያ ነኝ ባይ በየከተማው አይጠፋም። ጥርሱ የጠነከረው ላዩ ብቻ ስለሆነ፣ ሞረድ ያንን ስስ ሽፋን ሲበላው ከሥሩ ለስላሳ ብረት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ጠመንጃው ሳይነካ ይተኩሳል። ቆሻሻውን በላምባ አጥቦ መተው ይበቃል።

5. ዝገቱን ማስለቀቅ

የቆጥ ጢስ ከብረት ይጠብቃል የሚል እምነት አለ። ጥላሸት ግን እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ከሥሩ ብረቱ ይበላል። መጀመሪያ ብረቱን በላምባ አርሰው ጥላሸቱን በጨርቅ ይጥረጉ፤ ከዚያ ለስላሳውን የሽቦ ጥጥ በላምባ አርጥበው በቀስታ ያሹት። የብርጭቆ ወረቀት አይጠቀሙ። ዝገቱን ከነጥቁር ቀለሙ ይገፍፈዋል፤ ብረቱም አዲስ ድስት ይመስላል እንጂ ጠመንጃ አይመስልም።

ቀይ ዝገት በሰፊው ከያዘው ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ቅባቱ በሳሙና ተለቅልቆ የጸዳውን ቁራጭ በብረት ድስት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያፍሉት። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። አውጥተው ወዲያው አድርቀው በሽቦ ጥጥ ሲያሹት ልሙ ተነሥቶ ከሥሩ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጥቁር ገጽ ይቀራል፤ ከዚያ ዘይት ይቀቡታል። የጣሪያ ላይ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል፤ ማዕድን ስለሌለበት ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ድስቱ ከዚያ ወዲህ ወጥ አይሠራበትም፤ ይህን ለቤት እመቤቷ አስቀድመው ይንገሩ።

የአፈሙዙ ውስጥ በገመድ ጫፍ የታሰረ ዘይት የነካ ጨርቅ ከኋላ ወደ ፊት ደጋግሞ በማሳለፍ ይጸዳል። የብረት ብሩሽ አይገባበትም።

6. ሞላውን መመርመር

ሞላውን አጥበው በመስታወት ላይ ያንከባልሉት። ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ጤነኛ ነው፤ እየዘለለ ከሄደ ጠምሟል። ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ በጥፍርዎ ይዳስሱ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሁለቱ ጫፎች አጠገብ ነው። ትንሽ ማጠሩ አያስጨንቅዎ። የቆየ ሞላ ሁሉ ጥቂት ያጥራል፤ ቆዳው ከታደሰ ለኢላማ ይበቃል።

ከተሰበረ ወይም ክፉኛ ከጠመመ መተካት አለበት፤ ጎተራ ሙሉ ስህተት የሚከመረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሞላውን ጎትቶ ያስረዝመዋል፤ ከአሥር ተኩስ በኋላ ተመልሶ ያጥራል። ሌላው ከኋላው ሮንዴላ ይደረድርበታል። ሌላው የሞተር ብስክሌት ሞላ ቆርጦ ይከተዋል። ሮንዴላውም የሞተሩ ሞላም ፒስተኑን ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ እንዳይሄድ ያደርጉታል፤ የማቀባበያውን ክንድ ያጣምማሉ፤ ወይም ጥርሱ በግማሽ ይይዝና ጠመንጃው በራሱ ጊዜ ይተኩሳል።

ሌላ ሞላ ከመግጠምዎ በፊት ይህን ስሌት ይሥሩ። የሽቦውን ውፍረት በጥቅልሎቹ ብዛት ያባዙ፤ 3 ሚሊ ሜትር ሽቦና 33 ጥቅልል ከሆነ 99 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ከዚያ በታች አያጥርም። ፒስተኑ ጥርሱ እስኪይዘው ድረስ ወደ ኋላ ሲገባ ለሞላው የሚቀረው ቦታ ከዚህ ቁጥር በጥቂት ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ካነሰ ያ ሞላ አይሆንም፤ በጉልበት አይታገሉት።

ሌላም ነገር አለ፤ ከፍታው። በ2400 ሜትር ከፍታ አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ደጋ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ሳስቶ ነው ማለት ነው። ፒስተኑ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እንደ ትራስ የሚያበርደውም ያው አየር ስለሆነ፣ እዚህ ምቱ ይበረታል። ስለዚህ እንግሊዝ ወይም ጀርመን አገር «ኃይለኛ» ተብሎ የሚሸጠውን ሞላ ዘመድ ቢልክልዎ እንኳ ደስ አይበልዎት፤ ለፋብሪካው ልክ የተሠራውን ወይም ለስለስ ያለውን ነው የሚጠይቁት። ከውጭ ከማስላክዎ በፊት ደግሞ የመሣሪያ ክፍል ነውና ጉምሩክንና ፖሊስን ይጠይቁ።

7. ቆዳው

የፒስተኑን ጫፍ ሲያዩ ኩባያ የሚመስል፣ አፉ ወደ ፊት የሆነ ቆዳ በአንድ ብሎን ታስሮ ያገኛሉ። ከደረቀ እንጂ ካልተቀደደ መጀመሪያ ለማዳን ይሞክሩ። አውጥተው አንድ ሌሊት በበሬ እግር ዘይት ይዘፍዝፉት፤ ለስልሶና አብጦ ካደረ እንደገና ያገለግላል። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ፍርፋሪ ከተበጣጠሰ አዲስ ይሥሩለት።

የበሬ እግር ዘይት የሚገኘው እንዲህ ነው፦ ከሰኮናው የተለየውን እግርና የቅልጥሙን አጥንት ያለ ጨውና ያለ ቅመም በብዙ ውሃ ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ ያድርጉ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቅፈፉ፤ ሲበርድ የሚረጋውን ትተው ፈሳሽ ሆኖ የሚቀረውን በጨርቅ አጥልለው ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡ። ጾም ከገባ በሬ የሚያርድ ስለማይኖር እስከ ፍስክ መጠበቅ ነው። ቅቤ አይሆንም። ቅቤ ሲቆይ ይሻግታል፣ አሲዱ ብረት ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አይጥ ይጠራል።

ለአዲሱ የሚሆነው ቆዳ በእንጨት ልጥ የለፋ፣ ለጫማ ሶል የሚያገለግለው ዓይነት ጠንካራ ቆዳ ነው፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ለጃኬትና ለጫማ ላይኛው ክፍል የሚውለው በኬሚካል የለሰለሰ ቆዳ ቅርጽ አይይዝም። ያልለፋው ጠፍርም አይሆንም፤ ለአልጋ መልካም ነው፣ እዚህ ግን ሲደርቅ እንደ ቀንድ ይሆናል፣ ሲረጥብ ይበሰብሳል።

ልኩን በምሳሌ እንየው። የሲሊንደሩ ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የኩባያው ግድግዳ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይቁረጡና መሀሉን ለብሎኑ ይብሱት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይጨምሩት፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ውሃ ጠጥቷል። የፈላ ውሃ አይጠቀሙ፤ ቆዳው ይኮማተርና እንደ እንጨት ይሆናል። አሁን ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ቁራጭና፣ ቆዳው 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል እንጨት ወይም ብረት። ሁለቱንም ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ያለ ቶርኖ ቤት በጥቂት ደቂቃ ያወጣልዎታል። የረጠበውን ቆዳ ቱቦው አፍ ላይ አስቀምጠው፣ ድቡልቡሉን መሀሉ ላይ አድርገው፣ በሞርሳ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ይግፉት። ጠርዙ ይታጠፍና ኩባያ ይሆናል። እንደዚያው በጥላ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ካደረቁት ይሰነጠቃል።

ሲደርቅ ያውጡት፤ ጠርዙን በአዲስ ምላጭ ዙሪያውን እኩል ይቁረጡ። አንድ ሌሊት በእግር ዘይቱ ይደር። ከዚያ ፒስተኑ ላይ አስቀምጠው በሮንዴላና በብሎን ይሰሩት። ብሎኑ በምንም መልኩ መላላት የለበትም፤ ቢላላ በእያንዳንዱ ተኩስ የሲሊንደሩን ጫፍ ይቀጠቅጠዋል። የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ይጨምሩበት፤ አናቱም ከኩባያው ጠርዝ በታች እንጂ በላይ አይሁን።

ወደ ሲሊንደሩ ሲመልሱት የማቀባበያው ክንድ የሚሄድበት ረጅም ስንጥቅ አለ። የስንጥቁ ጠርዝ እንደ ቢላ ነው፤ አዲሱን ቆዳ ሲያልፍ ይላጨዋል። ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያደንዝዙት፤ ቆዳውንም በስስ ፌስታል ሸፍነው ካሳለፉት በኋላ ፌስታሉን ይሳቡ። ሞላው ከመግባቱ በፊት ይፈትሹ፦ የአየር መውጫዋን ቀዳዳ በአውራ ጣትዎ ደፍነው ፒስተኑን በእጅዎ ወደ ፊት ይግፉ። አየሩ እንደ ኳስ መልሶ ከገፋዎ ቆዳው ይዟል። እየፎጨ ከሄደ ጠርዙ አልነካም፤ ሌላ ይቁረጡ። የመጀመሪያው ባይሳካ የባከነው አንድ መዳፍ የማትሞላ ቆዳ ናት።

ሁለተኛው ማምለጫ አፈሙዙ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ያለው ትንሹ ጓርኒሲዮን ነው። ከብረቱ ገጽ ትንሽ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ፣ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ከሰመጠ ከሥሩ ቀጭን የወረቀት ሮንዴላ ቆርጠው ያንሡት።

8. ቅባት፤ ማነሱ ነው ጥቅሙ

ሲሊንደር ውስጥ፣ ከፒስተኑ ፊት፣ የሞተር ዘይት፣ ላምባ ወይም የምግብ ዘይት አይግባ። አየሩ በቅጽበት ሲጨመቅ በጣም ይግላል፤ ዘይቱ እንደ ናፍጣ ሞተር ይቀጣጠልና ይፈነዳል። ድምፁ ስለሚያስደስት «ኃይል ጨመረ» የሚሉ አሉ፤ የሚጨምረው ግን ቆዳው የሚቃጠልበትና ሞላው የሚሰበርበት ፍጥነት ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል።

የሚሆነው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግሪስ ነው፤ ለመኪና የፊት ጎማ መገጣጠሚያ የሚሸጠው። ሞላው ላይና የፒስተኑ የኋላ ገላ ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ። እጅ ላይ ሲነካ ጥቁር ማተም ይበቃል።

9. እንጨቱ

የሰደፍ እንጨት ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ በሞረድ መበላት የለበትም። እርጥብ ጨርቅ አድርገውበት የጋለ የከሰል ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ያሳርፉበት፤ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት መልሶ ያስነሣዋል። የተሰበረ ከሆነ በሁለት ዓይነት ፈሳሽ የሚቀላቀለውን ጠንካራ ማጣበቂያ ይጠቀሙ። የጎደለ ቁራጭ ካለ ዋንዛ ይሞላዋል፤ ቀለሙም ይቀርባል።

ከዚያ የተልባ ዘይት። ጥቂት ጠብታ በጨርቅ እያሹ ይቀቡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣውን ይጥረጉ፤ ጨርሶ ሳይደርቅ ሁለተኛ አይቀቡ። በፋብሪካ ያልተቀነባበረ ተልባ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ያድርጉት፤ ሐምሌ ላይ የተቀባ ሰደፍ መስከረም ድረስ ይጣበቃል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ፈጽሞ አይደርቅም። አምስት ስድስት ጊዜ ከተቀባ በኋላ ሰምን በጥቂት የተልባ ዘይት አቅልጠው፣ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውሃ ላይ፣ ላዩን በስሱ ያብሱት።

የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልለው አይጣሉ። ሲደርቅ ራሱን እያሞቀ እሳት ሊነሣበት ይችላል፤ ሣር ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ወይ ውሃ ውስጥ ይንከሩት፣ ወይ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

10. መግጠምና መሞከር

ገጠማው የአፈታቱ ግልባጭ ነው፤ ፎቶዎቹን ከኋላ ወደ ፊት እያዩ፣ ሞላውን በዚያው መጭመቂያ እያስገቡ ይሂዱ። ከጨረሱ በኋላ ያለ ጥይት አይተኩሱ። ጥይት ከሌለ የሚያበርደው አየር በነፃ ስለሚወጣ ፒስተኑ ብረት ለብረት ይጋጫል፤ ለፈተና ብለው ሦስት አራት ጊዜ ባዶ ቢተኩሱ የሳምንት ሥራዎን ያበላሻሉ።

ጥይቱ ልኩን የጠበቀ የእርሳስ ጥይት ይሁን። ሽንብራም፣ የተቆረጠ ምስማርም፣ የብረት ኳስም አፈሙዙን ያበላሻል። እርሳስ መርዝ ነውና ከነኩ በኋላ እጅ ይታጠባል፤ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ቤት ውስጥ አቅልጦ ጥይት መሥራትም ለራስም ለቤተሰብም ጉዳት ነው።

ኢላማውን አሥር ሜትር ላይ፣ አፈር በጠገበ ጆንያ ፊት ያቁሙ፤ በኦሎምፒክም የአየር ጠመንጃ ውድድር የሚካሄደው በዚሁ ርቀት ነው። ጠርሙስ፣ ድንጋይና ቆርቆሮ ጥይቱን መልሰው ይልካሉ። ተኳሹም ተመልካቹም መነጽር ያድርጉ፤ ልጅ ብቻውን አይተዉ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ አደን ስለሚከለክል የቤተ ክርስቲያን ደን ወፍ ኢላማ አይደለችም።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሠላሳ ተኩሶች ላይ ቀጭን ጢስ ቢያዩ ትርፍ ዘይቱ እየወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ካልጠፋ ቅባት አብዝተዋል። በማፍሰስ ከተጠራጠሩ ስስ የሲጋራ ወረቀት ቁራጭ አፈሙዙና ሲሊንደሩ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ጣል አድርገው ይተኩሱ፤ ወረቀቱ ከበረረ ጓርኒሲዮኑ ይታይ። አያያዝም አለው። ክላሽ የለመደ እጅ አጥብቆ ይጨብጣል፤ ይህ ጠመንጃ ግን ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚርገበገብ፣ አጥብቀው ሲይዙት በየተኩሱ ሌላ ቦታ ይመታል። የፊቱን እንጨት በተከፈተ መዳፍ ላይ አሳርፈው እንዲርገበገብ ይተዉት። አምስቱ ጥይት በአንድ ቦታ ከተሰበሰበ፣ ከመሀሉ ቢርቅም፣ ሥራዎ ተሳክቷል፤ የቀረው ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ነው።

11. ክረምት ሲገባ

ተቀባብሎ አይቀመጥ፤ ሞላው ይደክማል፣ አደጋም ነው። ቆዳ ማኅደር ውስጥ ከትተው አይተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከቆጥና ከምድጃ አርቀው፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፈው ያኑሩት። ከሰኔ እስከ መስከረም በየወሩ አውጥተው ላዩን ይጥረጉ። በዓመት ሁለት ጊዜ አፈሙዙን በጥቂቱ ሰብረው፣ አጥብቀው ይዘው፣ በአየር መውጫዋ ቀዳዳ የእግር ዘይቱን አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይጨምሩ፤ ዘግተው ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ያሳድሩት፤ ዘይቱ ወርዶ ቆዳውን ያገኘዋል።